የእንግዳው ብር ከአጥሩ ይወጣል ወይ?

ስለ ቱሪዝም በተወራ ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው "ስንት ሰው መጣ?" የሚለው ጥያቄ ነው። ዜናው እሱን ይላል፤ መስከረም ላይ የዓለም የቱሪዝም ቀን ሲከበር የሚደረገው ንግግርም እሱኑ ይደግማል። ቁጥሩ ከአምናው በልጦ ከተገኘ ይጨበጨባል። እኔ ለዓመታት የአንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ሒሳብ ስይዝ የኖርሁ ሰው ነኝና ከዚህ ጥያቄ ጠብ የሚልልኝ ነገር የለም። እንግዳ መቁጠር ቀላል ነው፤ ፓስፖርት ላይ ማኅተም የሚመታው ሰው ይቆጥረዋል። የሚከብደው ብሩን ተከትሎ መሄድ ነው።

አንድ ቡድን ከአውሮፓ ሲመጣ ክፍያውን የሚፈጽመው ገና ከአገሩ ሳይነሳ ነው፤ የሚከፍለውም እዚያው ላለው ወኪል ነው። ወኪሉ ድርሻውን ያስቀራል። የአውሮፕላን ትኬቱ ከእኛው አየር መንገድ ከተገዛ እሰየው፤ ካልሆነ እሱም እዚያው ይቀራል። የተረፈው በባንክ በኩል ወደ እኛ ይደርሳል። ከዚያም ላይ የመኪናው ይነሳል፤ መኪናው የጃፓን ነው፤ ነዳጁ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ጎማውና መለዋወጫውም እንዲሁ። ሆቴሉ የሚወስደውን ይወስዳል፤ እሱም በተራው ለወይኑ፣ ለቡና ማፍያ ማሽኑ፣ ለአሳንሰሩ ጥገና ዶላር ይፈልጋል። ቀጥሎ የአስጎብኚውና የሾፌሩ አበል፣ የመግቢያ ትኬት፣ የበቅሎ ኪራይ። ከሁሉ በታች ላሊበላ ላይ እንግዶቹ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማቸውን የሚጠብቀው ሰው ይመጣል። እሱ መዝገቤ ላይ የራሱ ርዕስ እንኳ አልነበረውም። "ልዩ ልዩ ወጪ" በሚለው ሥር ነበር የምጽፈው።

የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ባለሙያዎች ይህን ነገር ሲያጠኑ፣ ኢኮኖሚያቸው አነስተኛ በሆነ አገሮች ከቱሪዝም ከሚገኘው ገቢ ከመቶ 40 እስከ 50 የሚሆነው ተመልሶ ወደ ውጭ እንደሚፈስ ገምተዋል። ብዙ ዓይነት ነገር በሚያመርቱ ሀብታም አገሮች ግን የሚፈሰው ከመቶ ከ10 እስከ 20 ቢሆን ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የባሕር ዳርቻው ውበት ወይም የሕዝቡ እንግዳ ተቀባይነት አይደለም። ወንበሩን፣ ቅቤውን፣ አንሶላውንና ሳሙናውን የሚሠራ ሰው በአገሩ መኖር አለመኖሩ ነው።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚሄደውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ሜዳውን ያውቀዋል፤ በበጋ የድርቆሽ ክምር፣ ጠዋት ጠዋት ወተት ጭኖ ወደ ከተማ የሚወርድ መኪና፣ በአስፋልቱ ዳር በመስመር የሚሮጡ አትሌቶች። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሳንባቸውን ሊያጠነክሩ የሚመጡ የውጭ ሯጮችም አሉ፤ ሳምንታት ይቆያሉ። ለእነሱና ቅዳሜና እሑድ ከከተማ ለሚወጡ ቤተሰቦች የተሠሩ ሎጆችና መዝናኛዎች ከዓመት ዓመት እየበዙ ነው። አጥራቸው ረጅም ነው፤ በሩ ላይ ጥበቃ አለ። ጎረቤቶቼ "እዚያ ውስጥ" ሲሉ ሌላ አገር የሚያወሩ ይመስላሉ።

ከእነዚህ ጎረቤቶቼ አንዷ፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ዶሮ ያረባሉ። አንድ ቀን ሠላሳ ሠላሳ እንቁላል የሚይዙ ካርቶኖች ደራርበው አሳስረው ወደ አንዱ ሎጅ ወሰዱ። ለምን እኔን ይዘውኝ እንደሄዱ አላውቅም፤ "አንተ የቢሮ ቋንቋ ታውቃለህ" ብለው ነው። የግዥ ሠራተኛው ወጣት ልጅ ነው፤ ትሑት ነው። እንቁላሉን አንስቶ አየ፣ ወደደው።

"እናቴ፣ ደረሰኝ አለዎት?" አለ።

"የምን ደረሰኝ?"

"የሽያጭ። የግብር ከፋይ ቁጥርም ያስፈልጋል።"

እትዬ ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ "ልጄ፣ የእኔ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች እንጂ ደረሰኝ አትቆርጥም" አሉት። ልጁ ሳቀ፤ ጥበቃውም ሳቀ። እንቁላሉ ግን አልተገዛም።

በልጁ ልፈርድበት አልቻልሁም፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር። ያለ ደረሰኝ የተገዛ ነገር በግብር ሰዓት ወጪ ሆኖ አይያዝም፤ ያልተያዘው ወጪ ትርፍ ተብሎ ግብር ይጣልበታል። ከዚያ ላይ ሎጁ የሚከፍለው በዱቤ ነው። ዕቃውን ዛሬ ይረከባል፤ ገንዘቡን ግን የሚያስተላልፈው ከወር በኋላ ነው፤ እትዬ ደግሞ የመኖውን ዋጋ የሚከፍሉት በእጃቸው ነው። እንቁላሉም ቅዳሜ ብዙ፣ ማክሰኞ ጥቂት ይፈለጋል፤ ዶሮዋ ግን ቅዳሜና ማክሰኞን አትለይም። ስለዚህ ሎጁ ከአዲስ አበባ ጅምላ ነጋዴ ይገዛል፤ ነጋዴው ትልልቅ የዶሮ እርባታዎች ካሉበት ከቢሾፍቱ ያስመጣል። እንቁላል ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ ተነስቶ፣ መላ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ እንጦጦን ወጥቶ፣ ዶሮ በሞላበት ሠፈር መሐል አልፎ አጥሩ ውስጥ ይገባል። ክፉ ያደረገ ሰው የለም። ብሩ ግን ከአጥሩ አልወጣም።

ይህን ነገር ሳሰላስል ደጋግማ ትዝ የምትለኝ አገር ጋምቢያ ናት። ብዙ ሰው ስለ ደሴት አገሮች ያነሳል፤ እኔ ግን ጋምቢያን እመርጣለሁ፤ እንደ እኛ አፍሪካዊት፣ እንደ እኛ ገበሬ፣ ደግሞም ነገሩ ሁሉ በግልጽ የሚታይባት ትንሽ አገር ናትና። (የምጠቅሳቸው የጋምቢያ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአትላንቲክ ዳርቻዋ በቀር ዙሪያዋን በሴኔጋል የተከበበች፣ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋች፣ ስፋቷ ወደ 11 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ገደማ የሆነ አገር ናት። ለገበያ የምታቀርበው ዋና ሰብል ለውዝ ነበር፤ አሁንም ነው። ነፃ በወጣችበት በ1965 አንድ የስዊድን የጉዞ ድርጅት የመጀመሪያዎቹን ጎብኚዎች በቡድን አመጣ። ክረምታቸው ጨለማና በረዶ የሆነባቸው ሰሜን አውሮፓውያን ከስድስት ሰዓት ገደማ በረራ በኋላ ፀሐይና አሸዋ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ኮቱ፣ ኮሎሊ፣ ባካው በተባሉት የባሕር ዳርቻ ቦታዎች ሆቴል በሆቴል ላይ ተሠራ፤ ዛሬ ከአገሪቱ ኢኮኖሚ አንድ አምስተኛ የሚጠጋው በቱሪዝም ላይ የቆመ ነው ይባላል።

አንድ አምስተኛ! በወረቀት ሲታይ ያስቀናል። የሒሳብ ሰው ግን ቀጥሎ የሚጠይቀው "ደንበኞቹ ስንት ናቸው?" ብሎ ነው። የጋምቢያ ደንበኞች ጎብኚዎቹ አይደሉም፤ ጎብኚዎቹን በአውሮፕላን ሞልተው የሚልኩት ጥቂት የአውሮፓ ድርጅቶች ናቸው። ወቅቱም አንድ ነው፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ። በቀሪዎቹ ወራት ዝናብ ይጥላል፤ ብዙ ሆቴል ይዘጋል፤ አስተናጋጁ ወደ አገር ቤት ገብቶ ማሳ ይቆፍራል።

በ2014 ኢቦላ ጊኒን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን ሲመታ ጋምቢያ ውስጥ አንድም በሽተኛ አልተገኘም። ጎብኚው ግን ካርታውን አይቶ ቀረ። በጥር 2017 በምርጫ የተሸነፈው ፕሬዚዳንት ያህያ ጃሜ ሥልጣን አልለቅም ሲል የብሪታንያ መንግሥት ዜጎቹን አስጠነቀቀ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጎብኚዎች በወቅቱ እኩሌታ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። በመስከረም 2019 ደግሞ ከ1841 ጀምሮ የነበረው የእንግሊዙ ቶማስ ኩክ ከሰረ፤ ለጋምቢያ ትልቅ ደንበኛዋ ነበር፤ የከሰረውም ወቅቱ ሊከፈት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ኮሮና መጣ። ከአራቱ አንዱም የጋምቢያ ሆቴል ሠራተኛ ጥፋት አይደለም። ሎንዶን ውስጥ አንድ ቢሮ ሲዘጋ ባንጁል ውስጥ የአንድ አስተናጋጅ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ይቀራል።

ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን ከዚያ በፊት የተደረገ አንድ ሙከራ ነው። ጎብኚው ምግቡንም መጠጡንም ሁሉ ከአገሩ ከፍሎ ሲመጣ ከሆቴሉ ግቢ የሚያስወጣው ምክንያት አይኖርም። ከውጭ ያለው ምግብ ቤት፣ ታክሲው፣ ፍራፍሬ ሻጯ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። መንግሥት ይህን አይቶ በ1999 መጨረሻ ላይ ሁሉን አጠቃልሎ መሸጥን ከለከለ። የልብ አድርስ እርምጃ ነበር፤ እኔም ባለሥልጣን ብሆን አደርገው ይሆናል። ዓመት ገደማ ብቻ ቆየ። የውጭዎቹ ድርጅቶች ደንበኛቸውን ጠቅልሎ ወደሚሸጥላቸው ሌላ አገር ማዞር አልከበዳቸውም፤ ፀሐይና አሸዋ በየትም አለ። ክልከላው በ2000 መገባደጃ ተነሳ።

ታዲያ የሠራው ምንድን ነው? ከሕጉ ይልቅ የሠራው የጭማቂ ሻጮቹ ነገር ነው። ባሕሩ ዳር ብርቱካንና ፓፓያ ጨምቀው የሚሸጡ ወጣቶች፣ ፍራፍሬ ዘርግተው የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ። እርስ በርስ ደንበኛ ይነጣጠቃሉ፣ ጎብኚውን እየተከተሉ ያሰለቹታል፤ ሆቴሎቹም እንግዶቻቸውን "ከእነሱ አትግዙ" ይሉ ነበር። በ2000 ገደማ የአነስተኛ ነጋዴዎች ማኅበር ተቋቋመና ከሆቴሎቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው። ሻጮቹ መደብ ተሠራላቸው፤ መታወቂያ አንጠለጠሉ፤ የዋጋ ዝርዝር ለጠፉ፤ በተራ መሸጥ ጀመሩ፤ ማሳደድ ቀረ። ሆቴሎቹ እንግዶቻቸውን ማስፈራራቱን አቆሙ። የሻጮቹ ገቢ ጨመረ። የተቀየረው የጎብኚው ቁጥር አይደለም፤ ከሆቴሉ በር እስከ ጭማቂው መደብ ያለችው ጥቂት እርምጃ ናት። በ2004 ደግሞ "ጋምቢያ ኢዝ ጉድ" የሚባል ድርጅት ተቋቁሞ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ከሆኑ አነስተኛ ገበሬዎች አትክልት እየሰበሰበ ለሆቴሎች ማቅረብ ያዘ። ሆቴሎቹ ቀድሞ ቲማቲማቸውንና ሰላጣቸውን በአመዛኙ ከውጭ ነበር የሚያስመጡት፤ ከግቢያቸው ጀርባ አትክልት እየበቀለ።

እዚህ ላይ አንባቢ "ጋምቢያ ሌላ፣ እኛ ሌላ" ቢለኝ አልቃወምም። ኢትዮጵያ ትንሽ አገር አይደለችም፤ ቡናዋ፣ ወርቋ፣ አበባዋ አለ፤ ቱሪስት ቢቀር አገሩ ተርቦ አያድርም። ግን አገር አንድ ወጥ አይደለም። ላሊበላን እንውሰድ። በተራራ የተከበበች ትንሽ ከተማ፤ ሆቴሉ፣ አስጎብኚው፣ መስቀል ቀራጩ፣ በቅሎ አከራዩ፣ ያ ጫማ ጠባቂ ጭምር፣ ሁሉም የሚኖረው በአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ስም ነው። መጋቢት 2012 ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ አዲስ አበባ ውስጥ ሲገኝ እንግዳው ቀረ፤ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ መጣ። በዚያን ጊዜ ላሊበላ የኢትዮጵያ ከተማ መሆኗ ከጋምቢያ ዕጣ አላዳናትም። እኛ የቢሮ ሰዎች ደመወዛችን ቢዘገይ ሽሮ ገዝተን ከረምን። እዚያ ያሉ አስጎብኚዎች ግን ስልክ እየደወሉ "መቼ ነው የሚከፈተው?" ሲሉ የምመልሰው ጠፍቶኝ ነበር።

እንጦጦ ላይ ያየሁት ነገር ግን ትንሽ ልቤን ያሳርፈዋል። ፓርኩ የተከፈተው መስከረም 2013 ላይ ነው፤ ዓለም ሁሉ በር በዘጋበት ጊዜ። ፈረንጅ አልነበረም። የመጣው የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ልጆቹን በፈረስ ሊያስቀምጥ የመጣው አባት። ከጽሕፈት ቤት ወጥቶ ቅዳሜ ተራራ የሚወጣ የከተማ ሰው ኤምባሲ አያስጠነቅቀውም፤ ቶማስ ኩክም አይልከውም። በየአንዳንዱ ጉዞ የሚያወጣው ጥቂት ነው፤ ግን ደጋግሞ ይመጣል፤ ከመንገድ ዳር በቆሎ እሸት ይገዛል፣ ቆሎ ይገዛል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ደረሰኝ አይጠይቅም። የእኛ የሱሉልታ ሴቶች ከማንኛውም ሎጅ በላይ የሚሸጡት ለእሱ ነው። በስብሰባ ላይ ግን "ቱሪስት" ሲባል እሱን የሚያስብ የለም።

ደግሞም የዚያው ተራራ ሌላ ገጽ አለ። እንጦጦን ለዘመናት የሚያውቁት ከማንም በላይ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ናቸው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለውን ባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እየለቀሙ ከቁመታቸው የሚረዝም ሸክም ጀርባቸው ላይ አስረው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱት እነሱ ናቸው። አካባቢው መናፈሻ ሲሆን ከእነሱ መሐል በጽዳትና በአትክልት ሥራ የተቀጠሩ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ጥሩ ነው። ግን በተቀጠረችውና ባልተቀጠረችው መሐል ያለው ልዩነት ያው የአጥሩ ልዩነት ነው፤ ለአንዷ ጫካው ደመወዝ ሆነ፣ ለሌላዋ የተከለከለ ቦታ።

ወንጪን የማነሳውም ለዚሁ ነው። የእሳተ ገሞራው ሐይቅ ገና አስፋልትና ዘመናዊ ሎጅ ሳይደርስበት፣ የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው በተራ ፈረስ ያከራዩ ነበር። እንግዳ በላክሁ ቁጥር ተራው የደረሰው ሰው ፈረሱን ይዞ ይመጣል፤ ፈረሱ ከሳ ቢባል እንኳ ተራው ተራ ነው። ለእንግዶቹ አንዳንዴ ያበሳጫቸው ነበር፤ እኔ ግን የሒሳቡን ወረቀት ስይዝ ደስ ይለኝ ነበር። የማኅበሩ ማኅተም ያለበት አንድ ደረሰኝ ይመጣልኛል፤ ከበስተ ኋላው ብዙ ቤተሰብ አለ። የጋምቢያ ጭማቂ ሻጮች በተራና በመታወቂያ ያገኙትን የወንጪ ባለ ፈረሶች በራሳቸው መንገድ አግኝተውት ነበር።

ማኅበር ሲባል ግን ነገሩ ሁሉ ሰምሮ ያበቃል ብዬ አላምንም። ስንት ማኅበር በሊቀ መንበሩና በገንዘብ ያዡ ጠብ ፈርሶ አይቻለሁ፤ የአንዱን መዝገብ እኔው ነኝ የዘጋሁት። ሆኖም እትዬንና አምስት ስድስት ጎረቤቶቻቸውን "ለየብቻ አትሂዱ፤ በአንድ ስም የግብር ቁጥር አውጡ፣ በአንድ ደረሰኝ ሽጡ" ማለቴ አልቀረም። ቁጥሩ ወጣ። ከዕቁባቸው ላይ ጥቂት አዋጥተው ሎጁ እስኪከፍል ለመኖ የሚሆን መጠባበቂያ አስቀመጡ። ያንን የግዥ ልጅ እቤታቸው ጠርተው ቡና አፈሉለት፤ ዋጋ ለመነጋገር።

በዋጋው ብዙ ይሟገታሉ ብዬ ነበር፤ ዝርዝር ጽፌ ይዣለሁ። እትዬ ግን ዋጋውን ባልጠበቅሁት ፍጥነት ተቀበሉና ሌላ ነገር አነሱ። ሁዳዴ ሲገባ አምሳ አምስት ቀን ሙሉ የሠፈሩ ሰው እንቁላል አይበላም፣ ወተት አይጠጣም። ገበያው ይሞታል፤ ዋጋው ይወድቃል፤ ወተቱ እየተናጠ ቅቤ ይሆናል፤ እንቁላሉ ግን አይናጥም። ዶሮዋ አትጾምም፤ መኖዋንም ትበላለች። እዚያ አጥር ውስጥ ያሉት የውጭ ሯጮች ደግሞ አይጾሙም፤ በየጠዋቱ ከሩጫ ሲመለሱ እንቁላል ነው የሚበሉት።

"ልጄ፣ በፋሲካማ እኛም ገዢ አናጣም" አሉት። "እኔ የምልህ፣ በሁዳዴ እንዳትቀንስብን ውሉ ላይ ጻፍልን። በፍስክ ወር ዋጋ ቀንሱ ብትለን እንቀንሳለን።"

ልጁ ብዕሩን ይዞ ቆየ። በጾም ወራት የአገር ውስጥ እንግዳ ስለሚቀንስ ሎጁ በልማድ ትእዛዙን በጠቅላላ እንደሚቀንስ፣ የሯጮቹን ብቻ ለይቶ ቆጥሮት እንደማያውቅ ነገረን። ሄዶ ሥራ አስኪያጁን እንደሚጠይቅ ቃል ገባ፤ እትዬም ሦስተኛውን ስኒ ሳይጠጣ እንዳይነሳ ከለከሉት።